በወለድ አገድ የገባንበት ቤት

ባሌ ሁለት የፊት ጥርሶቹን ያጣው ሶዶ ቅዳሜ ገበያ፣ ጨው ተራ፣ በጠራራ ፀሐይ ነው። የመታው ባለገንዘቡ ነበር፤ የመታውም የወሩን ክፍያ አንድ ቀን አሳልፎ ስላመጣ ነው። ብሩን እየዘረጋለት ሳለ በከዘራው እጀታ አፉን አለው። ባሌ ተንበርክኮ ደሙን ሲተፋ ባለገንዘቡ ጎንበስ ብሎ የወደቀውን ብር ለቀመ፣ ደም የነካውን በባሌ ጋቢ ጫፍ ጠራረገና ኪሱ ከተተ። ገበያተኛው ሁሉ አየ፤ የተናገረ ግን አልነበረም። ሰው እየገፋሁ ስደርስ ባሌ እጄን ይዞ፣ ተይ፣ ተቀብሎኛል አለኝ። ለእሱ ትልቁ ነገር ክፍያው መቆጠሩ ነበር። እኔ ያን ቀን ከመቺው ይልቅ በተመቺው ነው ደሜ የፈላው። ባሌ ደግ ሰው ነበር፤ ደግነቱ ግን አንዳንድ ቀን በጥፊ በለው የሚያሰኝ ዓይነት ነው።

ዕዳው የቆዳ ዕዳ ነበር። ባሌ ከቤሌና ከቦምቤ ገበያ ቆዳ እየሰበሰበ ለዚሁ ለመታው ነጋዴ ያስረክባል፤ ነጋዴው ደግሞ መግዣውን አስቀድሞ ይሰጠዋል። አንድ የበልግ ወራት መኪናው ከቤሌ ሲመለስ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ ቀረ። ዝናቡ ሳያባራ ከረመ፤ ቆዳው ሙሉ ጭነቱ ተላ። ባሌ ቤት ሲገባ ሽታው ከልብሱ አልፎ ፀጉሩ ውስጥ ገብቶ ነበር። ነጋዴው ከሰሰው። ዳኛው እስር ቤት ከሚከቱት ሠርቶ በየወሩ እየከፈለ ይጨርስ ብለው አስማሟቸው፣ ስምምነቱም ተጽፎ ማኅተም ተመታበት። አባቴ ዋስ ሆነ። እንግዲህ ባሌ ቢጠፋ ወይም ቢያጓድል የሚነጠቀው የአባቴ በሬ፣ የሚታሰረውም አባቴ ነው። በዚያ ላይ ባለገንዘቡ ካልፈቀደ በቀር ባሌ ከሌላ ሰው መበደርም ሆነ ንብረት ማስያዝ አይችልም ተብሎ ተጽፏል። ንብረት የሚባል ነገር ስላልነበረን ያኔ ይህን ቃል ከቁም ነገር አልቆጠርነውም።

ከገበያው ድብደባ በኋላ ባለገንዘቡ ነገሩ ጣመው። ክፍያው ቀኑን ጠብቆ እንኳ ቢደርስ ጉልበተኞቹን ይልክብናል፤ እነሱም በር በእርግጫ ይበረግዳሉ፣ ገንቦ ይሰብራሉ፣ ባሌን አንገቱን ይዘው ግቢ ለግቢ ይጎትቱታል። አከራዮቻችን ደግሞ ጠቡን እንጂ እኛን አያውቁም። አንዷ በራፌ ላይ ደም አልፈልግም ብላ አስወጣችን። ሁለተኛው ሰበብ ፈልጎ አስወጣን። የመጨረሻው ጭራሽ ሳይነግረን ዕቃችንን ዝናብ ላይ አወጣው። ከሚሲዮን ሐኪም ቤት ስመለስ የሠርጌ ሰሌን ምንጣፍ ጎርፍ ላይ ሲንሳፈፍ አገኘሁት። ልጅ እንደያዝኩ ያወቅሁት በዚያው ሰሞን ነው። እዚያው ዝናቡ ውስጥ ቆሜ፣ ይህ ልጅ ሌላ ሰው በሚከፍተው በር ውስጥ አይወለድም ብዬ ለባሌ ነገርኩት። በምን ገንዘብ አለኝ። በምንም ይሁን አልኩት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሌላ ነገር በጭንቅላቴ አልገባም።

ቤቱን ያገኘሁት ራሴ ነኝ። ወደ ቤሌ በሚወስደው መንገድ፣ ከተማው ከሚያልቅበት ጥቂት አለፍ ብሎ ነው። የአንድ ወታደር ሚስት የነበሩ አሮጊት ልጃቸው ጋ አዲስ አበባ ሊሄዱ ስለነበር ለመስከረም መልቀቅ ይፈልጋሉ። የሣር ክዳን ነው፤ ሁለት ክፍል አለው፤ ለሁለቱም የየራሳቸው በር። ከጓሮው ያለውን እንሰት ሳይ ግን አፌን ከፈትኩ። ያደገው፣ ለመፋቅ የደረሰው፣ ገና ችግኝ የሆነው፣ በየእርከኑ ቆሟል። የወላይታ ሰው ቤት ሲገዛ ጣሪያውን አያይም፤ ጓሮውን ነው የሚያየው። እንሰት ያለበት ግቢ ውስጥ አራስ አትራብም።

ብድር ፍለጋ ላይ ታች አልን። የባሌ ዘመዶች የሞተ ሰው እንደሚጠይቃቸው ሁሉ ደነገጡ። በፍርድ ቤት የተያዘ ሰው ነው፣ ለእሱ የሰጡት ብር ባለገንዘቡ ኪስ ነው የሚገባው አሉ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ደግሞ በወለድ ማበደር ኃጢአት ነው፣ ያለ ወለድ ለማበደር ደግሞ ገንዘብ የለኝም አለኝ። ተናድጄ፣ ኃጢአቱን እኔ ልሸከመው፣ አንተ ብሩን ስጠኝ አልኩት። ሚስቱ ሳቀች፤ እሱ ግን ከዚያ በኋላ ሰላም ሲለኝ ዓይኑን ያሸሻል።

መጨረሻ ላይ የተገኘችው ባለቅቤዋ ናት። በየገበያው ቅቤ የምትገዛና የምትሸጥ፣ ባሏ የሞተባት፣ ልጅ ያልወለደች፣ ክንዷ የወንድ ክንድ የሚያህል ሴት ነበረች። ሁላችንም እማማ እንላታለን። አማኝ ስለሆነች ወለድ በአፏ አትጠራም። ወለድ አገድ ግን ሌላ ነው ትላለች። በወለድ አገድ አበዳሪው ወለድ አይጠይቅም፤ በወለዱ ፈንታ የተያዘለትን መሬት አርሶ ይበላል፣ በተያዘለት ቤት ይኖራል፣ ዋናው ብር ሲመለስለት ለቅቆ ይወጣል። እሷም ወደ መንገድ የዞረውን ክፍል ለመኖሪያና ለቅቤ መሸጫ፣ ከጓሮው ደግሞ ምርቱን ጠየቀች። ባሌ እያመነታ ሳለ እኔ እሺ አልኩ።

ውሉን የጻፈው ፍርድ ቤቱ ደጃፍ ጥላ ሥር የሚቀመጥ ማመልከቻ ጸሐፊ ነበር። ሰውዬው ያደገው ጤፍና ገብስ በሚዘራበት አገር ነው፤ እጁም የለመደው የዚያን አገር ውል ነው። ዋናው ብር እስኪመለስ ድረስ አበዳሪዋ የጓሮውን ምርት በሙሉ ትበላለች ብሎ ጻፈ። ጤፍ ቢሆን ልክ ነው፤ ታጭዶ ይበላል፣ ለከርሞ ይዘራል። የእንሰት ምርት ግን ራሱ እንሰቱ ነው። አንዱን ለመብላት ከሥሩ ቆርጠህ ትጥለዋለህ፤ የሚተካው ዓመታት ቆጥሮ ነው። ምርቱን በሙሉ ትብላ ማለት ጓሮውን ትመንጥረው ማለት ነው። ጸሐፊው እንሰት አያውቅም። እኛ ሦስታችን እንሰት ላይ ተወልደን እንሰት ላይ ያደግን ሰዎች ደግሞ ቃሉ በአማርኛ ሲነበብልን ልክ መስሎን ጣታችንን አትመን ወጣን። ዛሬም ሳስበው ያናድደኛል።

ከሁሉ በፊት ግን የባለገንዘቡ ፈቃድ ያስፈልግ ነበር። ባሌ እሱ ፊት መቆም አልቻለም፤ የከንፈሩ ጠባሳ ገና አልጠፋም። እኔ ሄድኩ። መደብሩ ውስጥ የቆዳ ክምር ላይ ተቀምጦ አገኘሁትና እጅ ነስቼ ነገሩን አስረዳሁት። ይቆጣል፣ ምናልባትም ይመታኛል ብዬ እግሬን ተክዬ ነበር የቆምኩት። እሱ ግን ሳቀ።

«ይግዛ እንጂ» አለኝ። «ደስ እያለኝ ነው የምፈርመው። ባዶ ሰው ምኑ ይያዛል? ቤት ሲኖረው ነው የምይዘው።»

ዓይኑን በጨው አጥቦ ፊቴ ላይ ነው የተናገረው። እኔም እየሰማሁት ፊርማውን ተቀብዬ ወጣሁ። ለእማማ ስነግራት አልደነገጠችም። ቅቤዋን በቅጠል እየጠቀለለች፣ «የኔ ገንዘብ ቀድማ ትገባለች፤ እሱ ከኋላ ይምጣ» አለች። የግዢውም የወለድ አገዱም ውል በአንድ ቀን ተጽፎ በአንድ ቀን ታተመ፤ ለመስከረምም ገባን። በሩን ከውስጥ ቀረቀርኩት፤ ከደስታዬ ደግሜ ከፍቼ ቀረቀርኩት።

ደስታዬ ብዙ አልቆየም። በገባን ሰሞን ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ጓሮው ውስጥ የገጀራ ድምፅ ሰማሁ። እማማ ቀሚሷን ሸብ አድርጋ ትልልቆቹን እንሰቶች ከሥራቸው ትጥላለች። ምን እያደረግሽ ነው ስላት ውሉን አነበበችልኝ፤ ማንበብ ስለማትችል በቃሏ ነው ያነበበችው። ከዚያ በኋላ የሆነውን በደንብ አላስታውስም። ፀጉሯን ይዤ ነበር። ጭቃው ላይ ተያይዘን ወደቅን፤ በጉልበቷ ደረቴን አፈነችው፣ እኔ ፊቷን ቧጨርኩት፣ እሷ ትከሻዬን ነከሰችው። ገጀራው አጠገባችን ወድቆ ነበር፤ ሁለታችንም አይተነዋል፤ ሁለታችንም አልነካነውም። ጎረቤቶች መጥተው ሲያላቅቁን ባሌ በሩ ላይ ቆሞ ለማን እንደሚያግዝ ግራ ገብቶት ነበር። ደግሞ በእሱ ተናደድኩ።

ጎረቤቶቼ ከባሌ ሰምተው እርጉዝ እኮ ናት ብለው ሲጮሁባት እማማ አፏን ጠረገችና፣ «ብትነግሪኝ ኖሮ አልነክስም ነበር» አለችኝ። ትከሻዬ እየደማ ሳቄ መጣ። እሷም ቁርጡን ተናገረች፤ አንድ በቆረጠች ቁጥር ሁለት ችግኝ ትተክላለች፣ ለእኔ አራስነት የሚሆነውን እኔ እመርጣለሁ፣ እሱን አትነካውም። ይህን ለማንም አላስጻፍነውም። ከታተመው ይልቅ ይኼኛው ውል ነው የተከበረው። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ እንነታረካለን፤ እሷ ደግሞ በየጧቱ አንድ ጣሳ አይብ በራፌ ላይ ታስቀምጥልኛለች። ወደድኳት ማለት አልችልም፤ ሌሊት ግን ከግድግዳው ወዲያ መሆኗን ሳውቅ እንቅልፌ ጥሩ ነበር።

ባለገንዘቡ ሆነ ብሎ ነው የታገሠው። ሆዴ ሲገፋ፣ በልጉ ሊገባ ሲል ቤቱ ለዕዳው ይሸጥልኝ ብሎ ፍርድ ቤት ገባ። ዳኛው ቤቱ አስቀድሞ በወለድ አገድ ተይዟል፣ የተያዘውም አንተው ራስህ ፈቅደህ ነው፣ የሴትየዋ ገንዘብ ሳይመለስ ማንም አይሸጠውም አሉት። ከዚያ ወጥቶ ጠላ ቤት ውስጥ ሲዝት እንደዋለ ሰማን። በገዛ ፊርማው መታሰሩ ከገንዘቡ በላይ አቃጥሎት ነበር። ባሌ አንድ ሰሞን ቤሌ ዘመዶቹ ጋ እንድሄድ ለመነኝ። የምወልደው እዚህ ነው አልኩት።

አንድ ጧት፣ ካፊያ እየጣለ፣ መሰላል ተሸክመው መጡ። ባለገንዘቡ ካፖርቱንና ቦት ጫማውን አድርጎ ከፊት ይሄዳል። ሁለቱ ጉልበተኞቹ ሳይነጋገሩ መሰላሉን አስጠግተው አንዱ ጣሪያው ላይ፣ አንዱ መሰላሉ ላይ ወጡና ሣሩን እየነቀሉ ወደ ታች መጣል ጀመሩ። ባለገንዘቡ ግቢው መሃል ቆሞ፣ ቤቱን መሸጥ ከከለከሉኝ ሣሩን ለከብቶቼ እወስደዋለሁ ይላል። ጭቃና ጥላሸት ምድጃዬ ላይ ይወርዳል። የጣድኩትን ጎመን እንደያዝኩ ብቅ ስል እማማ ከወዲያኛው በር ወጣች። የእንሰት መፋቂያ ሳንቃዋን በሁለት እጇ ይዛ ነበር። መሰላሉ ላይ የቀረውን ጉልበተኛ ቅልጥሙን ስትለው ወደቀ፤ ሲነሳ ደግሞ ጭንቅላቱን ደገመችው፤ እዚያው ተዘረረ። ሌላኛው ከጣሪያው ዘሎ ፀጉሯን ጨበጠና በፊቷ መሬቱን እያረሰ ጎተታት። እኔ ጎመኑን ከነፍላቱ ጀርባው ላይ ገለበጥኩት። ጩኸቱ እስከ ገበያው የተሰማ ይመስለኛል።

ባሌ ባለሁለት ጣቱን መቆፈሪያ እንደያዘ ከጓሮ መጣ፤ መጣና ቆመ። ባለገንዘቡን ሲያይ እግሩ ይያዛል፤ ገበያ ላይም እንደዚያ ነበር። ባለገንዘቡም አላየውም፤ ወደ እኔ ነው የዞረው። ባዶውን ድስት እንደያዝኩ ነበርኩ። ቦት ጫማውን አንስቶ ሆዴን መታኝ። ሁለተኛውን ከመሬት ላይ ሆኜ ነው የቀመስኩት። ባሌ እግሩን የነቀለው ያኔ ነው። መቆፈሪያውን በሙሉ ኃይሉ አሳረፈበት፤ የክንዱ አጥንት ሲሰበር እኔ ከወደቅኩበት ሰማሁት። እንደገና አነሳው። ጎረቤቶች ተንጠልጥለው ባይዙት ኖሮ ይገድለው ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ባይዙት ይሻል ነበር ብዬ የማስብበት ቀን ብዙ ነው።

ፖሊስ ባሌን ወሰደው፤ ባለገንዘቡን ሆስፒታል ወሰዱት። እኔን እማማ አቅፋ አገባችኝ። ጣሪያው ግማሹ ክፍት ነበር፤ ካፊያው ፊቴ ላይ ይወርዳል። ልጁ ሳይመሽ ሞቶ ወጣ። ወንድ ነበር፤ ፀጉሩ ሁሉ በቅሎ ነበር። እማማ ገመድ የሚያህል እብጠት በፊቷ ላይ እንደተጋደመ አጠበችው፣ በአዲስ ነጭ ጨርቅ ጠቀለለችውና ጓሮ ወስዳ ቀበረችው። በልቤ የዚያን ሰውዬ ዘር ማንዘር አንድ በአንድ እየጠራሁ ስረግም ነው ያመሸሁት።

ጉዳዩ ችሎት ከመድረሱ በፊት ሽማግሌዎች ገቡ። የተቀመጥነው በዱቡሻው፣ ሰፈሩ በሚሰበሰብበት ሜዳ ላይ ነው። አንድ ቄስ አሉ፤ ያ ዓይኑን የሚያሸሽብኝ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ አለ፤ ከቤሌ የመጡ አንድ ትልቅ ሰው አሉ። ባሌን ፖሊስ አጅቦ አመጣው። ባለገንዘቡ ክንዱ ታስሮ ተቀምጧል። አባቴ ከእኔ በስተኋላ ነበር፤ እኔ ገና በደንብ መቀመጥ አልችልም፣ እማማ ትከሻዋን ሰጥታኛለች።

ሽማግሌዎቹ ጉዳቱን ማመዛዘን ጀመሩ። የባሌ ጥርስና የፈረሰው ጣሪያ በተሰበረው ክንድ ተቻቻለ። የእማማ ፊት በጉልበተኛው ጭንቅላትና በሌላኛው ጀርባ ተቻቻለ። እማማ በዚህ አልተስማማችም፤ የእኔ ፊት ይበልጣል ብላ ተከራከረች፣ አንዳንዱም ሳቀ። ከዚያ ልጁ መጣ። ቄሱ ስም ያልወጣለት፣ ፀሐይ ያላየ ልጅ የደም ካሳ እንዴት እንደሚቆረጥለት አላውቅም አሉ። የእኛው ሽማግሌ አቀርቅሮ መሬት ጫረ። ከቤሌ የመጡት ሰው ግን እናቲቱ ትናገር አሉ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

«ልጄን ይስጠኝ» አልኩ።

ሌላ የምጠይቀው ነገር አልነበረኝም፤ አሁንም የለኝም። ባለገንዘቡ በደህና እጁ ተደግፎ ተነሳ። ፊቴን አላየም፤ የሚያየው ሽማግሌዎቹን ነበር። የቀረውን ዕዳ ትቼዋለሁ፣ ስምምነቱ ይቀደድ፣ ዋሱም ነጻ ነው አለ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩና መልካም ነው አሉ፤ ተነስተው መመረቅ ጀመሩ። እኔን የጠየቀኝ የለም። አባቴ ከኋላዬ አሜን ሲል ሰማሁት። አባቴን ይቅር ብየዋለሁ፤ በሬው ነበር፣ እርጅናው ነበር፣ እስር ቤቱ ነበር። እማማ ብቻ አሜን አላለችም፤ ክንዷ ትከሻዬ ላይ ጠበቅ አለ።

ያኔ ባሌ ከጎኔ ተነፈሰ። ሰው ለዓመታት የተሸከመውን ሲያወርድ የሚተነፍሰው ረጅም ትንፋሽ ነበር፤ የወጣውም ሳያስበው መሆኑን አውቃለሁ። ከዚያ በኋላ ሌሎች ልጆች ወለድኩለት። እማማን ከፍለን ጨርሰን ቤቱ የእኛ ብቻ ሆነ። ሲታመም አስታመምኩት፣ ሲሞት አልቅሼ ቀበርኩት። ያቺን ትንፋሽ ግን ይቅር አላልኩትም።